የቅዳሜው ኬክ አይቅር

«ይድረስ ለእትዬ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው። ስኳር ከተገኘበት ስምንት ወር ሆነው፤ ክኒን ይወስዳል። የ11 ዓመቷ ልጄ ደግሞ ሆዷን እያመማት፣ ደም እያነሳት ብዙ ከተንከራተትን በኋላ በምርመራ ሴሊያክ የሚባል የአንጀት ሕመም ነው ተባለች። ስንዴና ገብስ በአፏ እንዳይዞር ተብለናል። ድሮ ቅዳሜ ከሰዓት ኬክ እጋግር ነበር። ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ሲሸት ልጆቹ ከኦቨኑ አጠገብ አይጠፉም። አሁን ኦቨኑን ከነካሁት ስድስት ወር አለፈኝ። ባለቤቴ ከሱቅ ብስኩት ገዝቶ ተደብቆ ይበላል። ልጄ ልደት ስትጠራ ሌሎቹ ሲበሉ አይታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጨክኜ ‹ግሉተን የለውም› የሚል የውጭ ብስኩት በውድ ገዛሁ። ልጄ ደስ አላት። ባለቤቴም ‹ይሄማ ለእኔም ተፈቅዷል› ብሎ ስድስት ፍሬ በላ፤ ስኳሩ 240 ገባ። አማቴ ‹በማር ጋግሪው፣ ማር መድኃኒት ነው› ይሉኛል። ግራ ገባኝ። ኬክ የሚባል ነገር ከቤቴ ላጥፋው ወይስ መላ አለው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም ልቤን የነካው የልደቱ ነገር ነው። ለልጅ፣ ሌላው ሲበላ እያዩ መቀመጥ ከባድ ነው። ስለዚህ መልሴን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ኬኩ አይቅር። የሚመለሰው ግን የድሮው ኬክ አይደለም፤ ሌላ ኬክ ነው። እሱንም አንቺው ታወጪዋለሽ።

መጀመሪያ የብስኩቱን ነገር እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ግሉተን የለውም» ማለት «ስኳር የለውም» ማለት አይደለም። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ሴሊያክ ያለበትን ሰው አንጀት የሚጎዳው እሱ ነው። ፋብሪካው ስንዴውን ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የሚተካው በሩዝ ዱቄት፣ በበቆሎ ወይም በድንች ስታርች ነው። እነዚህ ደግሞ አሰር (ፋይበር) የላቸውም ማለት ይቻላል። ሆድ ሲገቡ ቶሎ ወደ ስኳር ይቀየራሉ። በዚያ ላይ ጣዕም እንዲኖረው ስኳር ይጨመርበታል። ያ ብስኩት ለልጅሽ ደህና ነው። ለአባቷ ግን ከተራው ብስኩት የሚሻልበት ነገር የለም።

ተቃራኒውም እንዲሁ ነው። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የስንዴ ቂንጬ ለባለቤትሽ በልክ ቢበሉ ከነጭ ዳቦ ይሻላሉ። ለልጅሽ ግን አንድም ማንኪያ አይሆኑም። ስለዚህ «ጤናማ ምግብ» የሚለው ቃል በአንቺ ቤት ብቻውን አይሠራም። ሁልጊዜ «ለማን?» ብለሽ መጠየቅ አለብሽ።

ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያስታርቅ እህል ግን ጓዳሽ ውስጥ አለ። ጤፍ ነው። ግሉተን የለውም። ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ አሰር አለው። እርግጥ ጤፍም ካርቦሃይድሬት ነው፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ይህን አንርሳ። ግን ኦቾሎኒና እንቁላል ሲታከልበት ከፉርኖ ዱቄት ኬክ እጅግ የተሻለ ነገር ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። ጤፉ ንጹሕ ቢሆንም ወፍጮ ቤቱ ንጹሕ አይደለም። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ፣ ድንጋዩ ላይና ቱቦው ውስጥ የቀረው ዱቄት ካንቺ ጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። በዓይን አይታይም። በወንፊት አይለይም። ለአባቷ ምንም አይደለም፤ ለልጅሽ ግን የማያባራ ሆድ ቁርጠት ማለት ነው። «ጤፍ ብቻ ነው የምትበላው፣ ለምን አልተሻላትም?» የሚሉ እናቶች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይሄ ነው። ለኬክ የሚሆን ጤፍ ብዙ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ለሳምንታት ይበቃል። እሱን እቤት በደረቅ መፍጫ ፍጪው። መፍጫው ለሌላ እህል ያልዋለ ይሁን። ካልሆነ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ቦታ ፈልጊ። እንጀራውንም ከገበያ አትግዢላት። የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይደባለቅበታል። እቤት ስትጋግሪም እርሾውን አስቢበት፤ ድብልቅ ከተቦካበት ቡሃቃ የመጣ እርሾ ከሆነ ድፊውና በንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ ጀምሪ።

ኦቾሎኒም የራሱ ነገር አለው። ተቆልቶ የሚሸጠውን አትግዢ። ቆሎ የሚቆሉ ሰዎች ገብሱንም ስንዴውንም ኦቾሎኒውንም በአንድ ምጣድ ነው የሚቆሉት። ጥሬውን ገዝተሽ፣ ለቅመሽ፣ አጥበሽ፣ እቤት ቁይው። ወንፊትና የእንጨት ማንኪያ ደግሞ ለልጅሽ አዲስ ግዢ። አሮጌው ወንፊት ቀዳዳው ውስጥ የያዘውን ዱቄት የቱንም ያህል ብታጥቢው አይለቅም። ቤኪንግ ፓውደርም ሲገዛ ጀርባውን አንብቢ፤ የስንዴ ስታርች ያለበት ያጋጥማል።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እኝህን ሴት አትጋፊያቸው፤ ለልጅ ልጃቸው ብለው ነው። ማር ለባለቤትሽ መድኃኒት አለመሆኑን ግን በቁጥር አሳያቸው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አለ። ማለትም ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በላይ። እንዲያውም ማር ስለሚከብድ በማንኪያ ሲለካ ከስኳር የበለጠ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ማርን ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው የቆጠረው። የዚያ መመሪያ ምክር፣ ከተቻለ በቀን ከ25 ግራም አይለፍ የሚል ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል። ተምርም ቢሆን ከግማሽ ክብደቱ በላይ ስኳር ነው። አሰር ስላለው ከማር ይሻላል እንጂ «የተፈቀደ» አይደለም፤ ይቆጠራል።

ስለ ልጅሽ ሕመምም አማትሽ «ዳቦ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ቢሉሽ አይግረምሽ፤ ብዙ ሰው አያምነውም። አንድ ታሪክ ንገሪያቸው። በ1944 እና 45 (እ.ኤ.አ.) የብርድ ወራት በጦርነቱ የተነሳ ሆላንድ ውስጥ ዳቦ ጠፋ፤ ሕዝቡ ተራበ። ቪለም ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ግን ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት በዚያ ክፉ ጊዜ ሲሻላቸው አየ። ዳቦ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ታመሙ። ከዚያ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር፤ ያኔ ግን እርግጠኛ ሆነ። ይህን ከነገርሻቸው በኋላ ደግሞ ሥራ ስጪያቸው። ጤፉን ማበጠርና ባዕድ እህል መልቀም ከእሳቸው የተሻለ የሚችል በቤቱ የለም። በአውድማ የገባች አንዲት የገብስ ፍሬ ከዓይናቸው አታመልጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ሌሎች አንባቢዎችንም ይመለከታል። ሴሊያክ የጠረጠራችሁ ሰዎች፣ ምርመራ ሳትጨርሱ ስንዴ አታቁሙ። ካቆማችሁ በኋላ የሚሠራ የደም ምርመራ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ በሽታው በዘር ስለሚሄድ ሌሎቹን ልጆችሽንም አስመርምሪ። ምልክት ባይኖርባቸውም።

አሁን ወደ ስኳሩ። የእናቴን ነገር ላጫውትሽ። ስኳር ሲገኝባት እኛ ልጆቿ መጀመሪያ ያደረግነው አንቺ ያደረግሽውን ነው፤ አምባሻውንም ኬኩንም ከቤት አጠፋን። ስኳሯ ግን አልወረደም። አንድ ቀን እህቴ ዝም ብላ የእናታችንን ሻይ ቆጠረች። በቀን አራት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ። ከዚያ አሥራ ሁለት ማንኪያ ስኳር እየቆጠረች በባዶ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አፈሰሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የብርጭቆውን ሲሶ አለፈ። እናቴ ብርጭቆውን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄን ሁሉ እኔ ጠጥቼው?» አለች። 48 ግራም ነው። እኛ በወር አንዴ የምትቆርሳትን አምባሻ ስንጣላት፣ ስኳሩ በየቀኑ በብርጭቆ ይገባ ነበር።

ስለዚህ የባለቤትሽን ኬክ ከመከልከልሽ በፊት ሻዩን ቁጠሪ። ቡናውን ቁጠሪ። ለስላሳውን፣ የጁስ ቤቱን ስፕሪስ ቁጠሪ። ሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው ባንዴ ዜሮ አይገባም። ለሁለት ሳምንት ሁለት ተኩል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ተኩል። ምላስ ይለመዳል። እናቴ ከሦስት ወር በኋላ ሰው ቤት የቀረበላትን ሻይ «ሽሮፕ ሆነብኝ» ብላ መልሳዋለች። ከሻዩ የተረፈው ቦታ ነው ለቅዳሜው ቁራጭ ኬክ የሚሆነው።

ኬኩ እነሆ። እኔ ቤት ብዙ ጊዜ የወጣልኝ ነው። አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ቁንጥር ጨው። ጨውን አትተዪው፤ ትንሽ ጨው ጣፋጭነትን ያጎላል። በሌላ ሳህን ሦስት በደንብ የበሰለ ሙዝ ፍጪ፤ ቆዳው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ይሁን። ሦስት እንቁላል፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ወተት ጨምሪና ምቺው። የብርቱካን ልጣጭ ካለሽ ትንሽ ፍቀሽ ጣል አድርጊበት፤ ስኳሩ የሄደበትን ቦታ ሽታው ይሸፍነዋል። ከዚያ ደረቁን ከርጥቡ ጋር አዋህጂው፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ግን ለጊዜው አቆዪው።

አሁን ግማሽ ሰዓት ተዪው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። የጤፍ ዱቄት ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ሳታሳርፊው ከጋገርሽው ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስታይው ሊጡ ወፈር ብሏል፤ ማንኪያው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚወርደው። ቤኪንግ ፓውደሩን ያኔ ጨምሪና ቶሎ አዋህጂ። ዝቅ ባለ መጋገሪያ አድርጊው፤ ውፍረቱ ከሦስት ጣት አይለፍ። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን እንደ መረብ ሆኖ አየሩን ይይዛል፤ ኬክ የሚነፋው በዚያ ነው። ጤፍ ያ መረብ የለውም። ስለዚህ ከፍ ያለ ኬክ አትጠብቂበት፤ ካወፈርሽው መሐሉ ሳይበስል ይቀራል። በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ በቂ ነው። ከወጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ሙቅ እያለ ከተቆረጠ ይፈረፈራል።

ስኳር ምንም አልጨመርንበትም። የመጀመሪያው ቀን ግን ልጆቹ «አይጣፍጥም» ካሉ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሪና በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ አድርጊው፣ ከዚያ ተዪው። አሥራ ሁለት ቦታ ቁረጪው። አንዱ ቁራጭ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ ብለሽ አስቢ። ለዚህ ነው ለባለቤትሽ አንድ ቁራጭ የምለው፤ «ስኳር የለውም» ተብሎ ሦስት ቁራጭ ከተበላ ያው ብስኩቱ ጋ ተመለስን። ቁራጩን ብቻውን በባዶ ሆድ አይብላው፤ ከምሳ በኋላ ይሁንለት። ከዚያ ሩብ ሰዓት በእግሩ ዞር ዞር ይበል፤ ስኳሩን በደንብ ያወርደዋል። መለኪያ ካላችሁ ከመብላቱ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩት። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ይመከራል፤ ሐኪሙ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ከሆነ ግን የሐኪሙን ያዙ። በቁጥር ያየ ሰው ተደብቆ አይበላም። እናንተም ቤት አንቺ ዘበኛ ከምትሆኚ መለኪያው ይናገር። የተረፈውን ቁራጭ በቁራጩ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ። የጤፍ ኬክ በሁለተኛው ቀን ይደርቃል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚጣራም ቢርቅ ይሻላል።

ጾም ሲሆንስ? እንቁላሉን በተልባ ተኪው። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ አስቀምጪው። ዝልግልግ ሲል እንደ እንቁላል ነጭ ይሆናል። ሊጡን የሚያያይዘው እሱ ነው። ወተቱን በውኃ ወይም በኦቾሎኒ ወተት። ተልባውንም እቤት ፍጪው፤ የወፍጮ ቤቱ ነገር እዚህም አለ። ባለቤትሽ ክኒን እየወሰደ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ግን ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ሳያማክር እንዳይቀጥል።

ቡላ ለልጅሽ ጥሩ ነው፤ ከእንሰት ስለሆነ ግሉተን የለውም፣ በወተትና በቀረፋ ሲሠራ ደስ የሚል ጣፋጭ ነው። ለአባቷ ግን ነጭ ስታርች ነው፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይበቃዋል። ለሁለቱም የሚሆነው አቮካዶ ነው። አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ በሙቅ ውኃ የራሰ ሦስት ተምር፣ ትንሽ ወተት። አንድ ላይ ፈጭተሽ አቀዝቅዢውና ለአራት ሰው በትንንሽ ስኒ አቅርቢው።

ሳልረሳው፦ ስኳሩን ጠራርገሽ ከቤት አታውጪው። ባለቤትሽ የሚወስደው ክኒን ምን እንደሆነ እዪ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ብዙ አያሰጋም። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ከሆነ ወይም ኢንሱሊን ከጀመረ፣ ምግቡን ስትቀንሱ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አመጋገቡን መቀየራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ልቡ ከመታበት ለኩት። ከ70 በታች ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጪው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። መለኪያ ከሌለ ሳትጠብቂ ስኳሩን ስጪው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጪው፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰጂው። ለዚህ ለዚህ ኬክ አይሆንም፤ ቅባቱ ያዘገየዋል።

ልደቱን በመጨረሻ ያቆየሁት ልጅሽን እያሰብኩ ነው። ቀኑ ሲታወቅ ለባለልደቱ እናት ቀድመሽ ደውዪ። «ትንሽ ብቻ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» እንዳትላት በደንብ አስረጃት። አንድ ቢላ ሁለቱን ኬክ መቁረጥ እንደሌለበትም ንገሪያት። ኬኩን ከዋዜማው ማታ ጋግሪው፤ ጠዋት በርዶ ይጠብቅሻል። ላዩን በካካዎውና በአቮካዶው ክሬም ቅቢው፤ ሌሎቹ ልጆች ከያዙት እንዳያንስ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ክተቺላት። አንዱ የእሷ ነው፤ ሌላውን ለምታካፍላት ጓደኛዋ።